በሸራ የተሸፈነው የእንሰት መፋቂያ

አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ እኛ ከተማ፣ ገረሴ ገበያ መጥቶ፣ «እንሰት የሚፍቅ መሣሪያ የሠራ ያሳየን፤ አብረን እናመርተዋለን» አለ። እኔ ሦስት ዓመት የለፋሁበትን፣ ፍቆ የሚጨምቅ መሣሪያ ሐሳቤ እንዳይሰረቅ ብዬ በሸራ ሸፍኜ ጓዳ ተውኩት። ጎረቤቴ ልክነሽ ግን የራሷን ገበያ መሀል አውጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ ፋቀችበት። እሷን መረጡ። እኔ አናጢው እያለሁ! ጭብጨባው እንደ ጥፊ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በቅናት እርር ድብን አልኩ። ቤቴ ገብቼ መሣሪያዬን በመጥረቢያ ፈለጥኩና ምድጃ ውስጥ ማገድኩት።

ብዙም ሳይቆይ ልክነሽ ከኩባንያው መሐንዲስ ጋር በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ የኔ ይፍቃል እንጂ አይጨምቅም። እርስዎ ሦስት ዓመት ሲቀጠቅጡ እሰማ ነበር። የጋሼን ሳታዩ ውል አልፈርምም አልኳቸው። የታለ?»

ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ «የምን መሣሪያ?» አልኳት።