የሐሙስ ዐሥር ሰዓት

«ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?» አሉ አክስትየው በሹክሹክታ፣ የሻይ ትሪውን ለፊውዝ እያቀበሉት። «ከእኛ ከሥጋ ዘመዶቿ በላይ አነባ እኮ!»

ፊውዝ ቀና ብሎ አየ። በሩ አጠገብ፣ ከኪራይ ወንበሮቹ በአንደኛው ላይ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ሰው ተቀምጧል። የአውቶቡስ ሹፌሮችን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። ሁለት መዳፎቹን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ወንበሩም ከሥሩ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«አላውቀውም።»

«ከሰኞ ጀምሮ የምታውቀው ሰው መጥቶ ያውቃል? ያቺ ጠበቃዋ፣ ያ ፀጉር አስተካካዩ፣ ያቺ ተማሪ… እንዴት ተዋወቃችሁ ስላቸው ሁሉም እንደተማከረ ሰው ‹ታውቀኝ ነበር› ይሉኛል። ሰው ‹አውቃት ነበር› ይላል እንጂ ‹ታውቀኝ ነበር› ምን ማለት ነው? ቋንቋው ነው የተበላሸው ወይስ ጆሮዬ?»

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ እህቱ ከሞተች ሦስት ቀኗ። እሑድ ማለዳ ልቧ በእንቅልፏ ቆመ፤ ገና አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እትዬ ነው የሚላት።

ፊውዝ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ኤሌክትሪክ ሠሪ ስለሆነ ብቻ የወጣለትም አይደለም፤ ሰፈርተኛው እንደሚለው ትንሽ ከበዛበት ድርግም ይላል። የሰው ሠርግ ላይ መብራት ሊዘረጋ ሄዶ መሰላሉ ሥር ተኝቶ ከተገኘ ወዲህ ስሙ ጸና።

ትሪውን አዙሮ ሲጨርስ ወደ ጓዳ ገባ። የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ከሽቦ ጥቅሎቹ ሥር ጠፍጣፋዋን ጠርሙስ አወጣ። ሁለቴ ተጎነጨና ከረሜላ አፉ ውስጥ ጣለ። ማንም አላየኝም ብሎ ማሰብ ልማዱ ነበር። በተለይ እትዬ። የአገሩን ሰካራም ሁሉ የምትመክር ሴት የገዛ ወንድሟን አንድ ቀን እንኳ ተው ሳትለው ከቀረች፣ ወይ አላየችም፣ ወይ አፍራበታለች። ፊውዝ አላየችም የሚለውን መረጠ። የሚቀለው እሱ ነበር።

ሲመለስ ሹፌሩ ዓይኑን ጠርጎ ሻይ ይዟል።

«ወንድሟ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እግዜር ያጽናህ። እኔን ታውቀኝ ነበር።»

«ከጤና ጣቢያው?»

ሹፌሩ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጓሮዋ ክፍል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። እሷም አልከፈተችም። እንደ ሁለት ግድግዳ ተፋጠን ቆየን በለው። ሰዓቱ ሲያልቅ ተነስታ ‹ጎበዝ፣ ጥሩ ሠራህ› አለችኝ። ‹ምን ሠራሁ?› ብላት፣ ‹አንድ ሰዓት አልጠጣህም› አትለኝም! ታሾፍብኛለች ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን፣ ከሥራ ውጪ ነቅቼ እያለሁ አንድ ሰዓት ሳልጠጣ የቆየሁበትን ቀን ላስታውስ አልቻልኩም።» ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። «ይኸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ሁሉም የዚያች የአንዲት ሰዓት ልጆች ናቸው።»

«እንድትሄድ የነገረህ ማን ነው?»

«ማንም። ሰው ነግሮኝ ቢሆንማ ገና ድሮ በመስኮት ዘልዬ ጠፍቼ ነበር።»

ፊውዝ ስለዚያች ክፍል የሚያውቀው ጥቂት ነው። እትዬ ጠዋት መነጽር መሸጫ ሱቅ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ በጤና ጣቢያው ጓሮ ያለ ደመወዝ መጠጥና መድኃኒት ያሸነፋቸውን ሰዎች ታማክራለች። ስለ ሰዎቹ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከየት ተነስታ እዚያ እንደደረሰች ግን ያውቃል፤ አይቷል።

ያኔ እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እትዬ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። ለወገቧ ሕመም የጀመረችው ክኒን ከወገቧ አልፎ ሌላ ነገር ማስታገስ ጀመረ። ከመደርደሪያው ለራሷ ስትወስድ ተይዛ ከሥራ ወጣች። አክስትየው ሁለት ጊዜ በመኪና ጭነው ሐኪም ቤት አስገቧት፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ገባችበት። ለሦስተኛ ጊዜ መኪና ሲፈልጉ ቤት አጧት። ማታ ስትመጣ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር። ፊውዝ በር ላይ ቆሞ የት እንደነበረች ጠየቃት።

«ሐኪም ቤት። ራሴ ሄጄ ነው» አለችው። ፊቷ የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

ሹፌሩ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንዲት ነጭ ገዋን በክንዷ ላይ ያጠፈች ሴት መጣች። ከእትዬ ጋር በጤና ጣቢያው የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቀብር ላይ አይቷታል። አክስትየውን አጽናንታ ሻይ ከጠጣች በኋላ ፊውዝን ለብቻው ፈለገችው። ግቢው ውስጥ ከባዶ ወንበሮቹ ሁለቱን ስበው ተቀመጡ።

«በሐዘንህ ላይ የሥራ ነገር ማምጣቴ ነውር ነው፤ ግን ሰው ተሰልፏል» አለች። «የእህትህን ሰዓቶች ሌሎቻችን ተከፋፍለናል። አንዲቱን ሰዓት ብቻ ሳላስፈቅድህ መንካት አልቻልኩም።»

«እኔን? ምን አገባኝ ሲስተር?»

«የሐሙስ ዐሥር ሰዓቷ ያንተ ናት።»

ፊውዝ ሳቅ ብጤ አመለጠው። «ሐሙስ ዐሥር ሰዓት እትዬ ሥራ ላይ ናት። እንዳልረብሻት ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር።»

«ምን ብላ?»

ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ትደውልለታለች። በላህ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጎማህን አስቀየርክ ወይ። ከዚያ ልትዘጋው ስትል ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረቻት፦ ‹ነገ ዐሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ነኝ።› እሱም ሁልጊዜ ይመልስላታል፦ ‹እሺ እትዬ፣ አልረብሽሽም።› ከዚያ መስመሩ ላይ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል። ከጸጥታው በኋላ ‹ደህና እደር› ትላለች። ያችን ጸጥታ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ብሎ ነበር የሚያስባት። የሙያው ሰው ነውና ጥፋቱን ሽቦው ላይ አሳበበ።

«ነገ ዐሥር ሰዓት ቢሮ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው።

ነርሷ ከቦርሳዋ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣች። «መዝገባችን ከክፍሉ አይወጣም። ይሄ ግን መዝገብ አይደለም፤ ለዚያች ሰዓት የብቻዋ ደብተር ነው። ካንተ በቀር ማንም የለበትም።»

ገለጠው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀን አለ፤ ሁሉም ሐሙስ። ከቀኑ ቀጥሎ ‹የተያዘ› ይላል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ‹ገና› ይላል። የተያዘ፣ ገና። የተያዘ፣ ገና። ገጹን ገለበጠው። ሰማያዊው ቀለም አልቆ በጥቁር ቀጠለ፣ ከዚያ በእርሳስ፣ እንደገና በሰማያዊ። አንዱ መስመር ላይ ‹ዝናብ ነው፤ ገና› ይላል።

«ሰው በቀጠሮው ካልመጣ ‹ቀረ› ብለን ነው የምንጽፈው» አለች ነርሷ። «ደንቡም እሱ ነው። እሷም ለሌላው ሰው ሁሉ ‹ቀረ› ነበር የምትለው።»

«ስንት ዓመት ነው ይሄ?»

«ስድስት። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ገብታ፣ ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት አድርጋ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለች። ስልክ አትነካም፣ መጽሐፍ አትገልጥም። ‹ሲገባ ሥራ የያዝኩ መስዬ ካገኘኝ ይመለሳል› ትለኝ ነበር።»

የፊውዝ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። ‹እግሩ ተሰብሯል። የተያዘ። ገና።›

ያን ቀን አስታወሰው። ከመሰላል ወድቆ፣ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታስሮ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። እትዬ አጠገቡ ዋለችና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን አነሳች። ‹ዐሥር ሰዓት ቢሮ መሆን አለብኝ።› የተሰበረ ወንድሟን ጥላ ለሰካራሞቿ ሄደች ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ወር አኮረፋት።

«እኔም ያን ቀን ጮህኩባት» አለች ነርሷ። «እግሩ የተሰበረ ሰው እንዴት አድርጎ ይመጣል? አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ቢመጣና ቢያጣኝስ?›»

ፊውዝ ከሦስት መቶ በላይ የሆኑትን መስመሮች አየ። ትልልቅ ፎቆች ላይ ሽቦ ዘርግቷል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሠላሳ ፎቅ ባንድ ጊዜ ሲበራ አይቶ አፉን ከፍቶ ያውቃል። አሁንም እንዲያ ያለ ነገር ፊት የቆመ መሰለው። ይህኛው ግን ስድስት ዓመት ሲበራ የኖረ ነው፤ እሱ ነው ዓይኑን ጨፍኖ ያለፈው። ከዚያ ሌላ ነገር መጣበት።

«‹ና› ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለ። «አንድ ፊደል እኮ ናት!»

«ብትልህ ትመጣ ነበር?»

እመጣ ነበር ሊል ፈለገ። አንድ ጊዜ ‹ና› ብትለው ስቆ እንደሚያልፋት፣ ሁለተኛ ብትለው የረቡዕ ስልኳን ማንሳት እንደሚተው ግን ያውቅ ነበር።

«እኔም ንገሪው ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቻታለሁ» አለች ነርሷ። «እሷ ሁለት ጊዜ ተጎትታ ገብታ አይታዋለች፤ ‹በር እከፍታለሁ እንጂ እጅ አልጎትትም› ነበር መልሷ። ልክ ትሁን ትሳሳት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሌላ እህት ብትሆን ትጎትትህ ነበር፣ ምናልባትም ይበጅህ ነበር። እሷ የምታውቀው መንገድ ግን ያ ብቻ ነበር።» ገዋኗን አነሳች። «ሁለት ወር ወረፋ የጠበቀ ሰው አለኝ። ልስጠው ካልከኝ እሰጠዋለሁ። እስከ ነገ ዐሥር ሰዓት ግን የተያዘ ነው።»

ስጪው የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለተቸገረ መልቀቅ ደግነትም ይመስላል፣ ማንም አይወቅሰውም። ዋጠው። ነርሷም መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ፊውዝ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ አልጠጣም ብሎ ዘጋው። ረፋዱ ላይ እንደገና ከፈተው። እጁ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ብቻ ብሎ ተጎነጨ፤ ሁልጊዜም የሚለው እንደዚሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃኬቱን ለበሰ።

«ወዴት ነው?» አሉ አክስትየው። «ለቀስተኛ ተቀምጦ!»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«የእህቱ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን ቀጠሮ አለው? ያስቃል!»

«የቆየ ቀጠሮ ነው አክስቴ።»

አክስትየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ፊቱን አዩት። የትናንቱን ወሬ ከግቢው በር ጀርባ ሆነው ሰምተው ይሁን አይሁን አልታወቀም። «በምን ልትሄድ ነው? መኪና ልጥራልህ?» አሉና ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አይ፣ ተወው። ራስህ ሂድ።»

በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ በጠባቡ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ፀጉር አስተካካዩን አወቀው። ማንም ሰላም አላለውም፣ ማንም ዓይኑን አልሰበረም፤ እግራቸውን ብቻ ሰብስበው አሳለፉት። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጎ ገባ።

ክፍሉ ከአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ብዙም አይሰፋም። አንድ መስኮት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች። የአንደኛው መቀመጫ በሰው ብዛት ነትቧል። ነርሷ ቀድማ ገብታ ቆማለች። የእትዬን ወንበር አልነካችም፤ ከኮሪደሩ ሦስተኛ ወንበር አስገብታ ጎን ላይ አድርጋለች።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለ ፊውዝ።

«ይሸታል። ጠጥቶ የመጣ አይግባ የሚል ደንብ የለንም።»

«ምን እንደምል አላውቅም።»

«የማውራት ግዴታም የለብህም። ይሞቃል፣ ጃኬትህን አውልቀህ ተቀመጥ።»

ጃኬቱን አውልቆ የሚሰቅልበት ፈለገ። በሩ ጀርባ ላይ አንድ ምስማር ብቻ አለ። ምስማሩ ላይ ክርኑ የሳሳ ግራጫ ሹራብ ተንጠልጥሏል። የእሷ ነው። ፊውዝ ጃኬቱን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

ሹራቡን ቀስ ብሎ አወረደና ክንዱ ላይ አደረገው። ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ሹራቡን ከላዩ ላይ ደርቦ፣ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ አስተካክሎ፣ የአንገቱን ቁልፍ ከጃኬቱ ፊት አገናኝቶ ቆለፈው።