በደረቅ የተገዛ ቤት

የእህቷ ልጅ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ያ ደላላ፣ ያ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚስቅ፣ በአንድ አፍ አክስቴ በአንድ አፍ ኮሚሽኔ የሚል፣ ባዳ ቢሆንማ ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ረግማው ትገላገል ነበር፣ የሥጋ ዘመድ ሲሆን ግን እርግማኑ ዞሮ የራስ ደጅ ያንኳኳል፣ ስለዚህ አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ባዶው ክፍል መሃል የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እርግማኗን ታላምጣለች፣ አትተፋው፣ አትውጠው። ከእግሯ ሥር የቀለም ቆርቆሮ። አዲስ ብሩሽ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ። እሱ ነው ያመጣው፣ በነጻ፣ እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በነጻ የሚሰጠው! አክስቴ፣ ከወገብ በታች ብቻ አንድ እጅ ቀባ ቀባ አድርጊው፣ ተከራይዋ ልጅ ነገ ዕቃዋን ታስገባለች፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል።

ማን ጎንበስ ብሎ ያያል። እኔስ መች ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ግድግዳው ከወገብ በታች ላብ ላብ ብሎታል፣ አሮጌው ቀለም እንደ ቆዳ ተነፋፍቶ፣ አንዳንዱ ፈንድቶ፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ፣ ውሃው ከላይ ቢመጣ ጣራ ይጠገናል፣ ከታች ነው የሚመጣው፣ ከዳገቱ ወርዶ ከወለሉ ሥር ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይጠጣዋል ግድግዳው፣ እንደ ፋኖስ ክር። ይሄን ማን ነገራት፣ ማንም፣ አራት ክፍል ገዝታ ራሷ ተማረችው፣ ለሌላ ትምህርት ያልታደለች ሴት ይሄን ትማር።

ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ፣ አለ። ዋናው መንገድ ላይ ያለችው የስፌት ቤቷ አንድ በር ነበረች፣ ከባሏ ጋር ያቀኗት፣ ከባሏ በኋላ ብቻዋን ያቆመቻት፣ ጉልበቷ የስፌት መኪናውን መርገጫ እንቢ ማለት ሲጀምር ይሄው ልጅ መጣና ሳጥኑ ላይ ተፈናጦ፣ አክስቴ አንድ በር ሸጠሽ አራት በር ግዢ፣ እዛ ታች ሰፈር ርካሽ ነው፣ ተከራይ ሞልቷል፣ እግርሽ ይረፍ፣ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። እሺ። ይሄው ቁጭ ብያለሁ። የሚበላው ነው የጠፋው።

ርካሽ። ለምን ረከሰ ብላ መጠየቅ አቅቷት ነው? ስንቱን ነጋዴ በጥያቄ ያስለቀሰች ሴት! ጨርቅ ይዞ የመጣ ሁሉ ያውቃታል፣ ጥጉን ውሃ ነክራ፣ በካውያ ተኩሳ፣ መሸብሸቡን፣ ቀለም መልቀቁን ሳታይ መቀስ አታነሳም፣ እኛን አያምኑንም እንዴ ይሏታል፣ እናንተንማ አምናለሁ፣ ጨርቁን ነው የማላምነው፣ ሳቅ፣ የሙሽራ እናቶች እንኳ ቆመው ይጠብቃሉ ጥጉ እስኪደርቅ። ያቺ ሴት፣ ሳታረጥብ የማትቆርጥ፣ ቤት በደረቅ ገዛች። በፀሐይ ወራት፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ልክ ከወገብ በታች፣ እንዴት አታይም፣ ከወገብ በታች ብቻ የተቀባ ቤት፣ ገበሩ የተቀየረ ኮት ቢያመጡላት ምን ቢደበቅ ነው ብላ ትተረትረው ነበር። የቤቱ ሱሪ ተለጥፏል አክስቴ፣ ይበለኝ እንግዲህ።

ኩራቷ ነው። አይደለም፣ እሱ ነው። እሱ ባይዋሽ። ግን ደግሞ አትክልት ሻጯ፣ ከበሩ ማዶ ሽንኩርቷን ዘርግታ፣ ያን የግዢ ቀን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አልነበር፣ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ አልነበር፣ እሷ ግን ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋ አቧራ እንዳይነካ እየተጠነቀቀች፣ ባለ አራት በር ልትሆን ነዋ፣ እንደ ወይዘሮ አንገቷን ሰብቃ አለፈቻት። በኋላ፣ ውሃው ሲመጣ፣ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ጮኸችባት። ሰላም ቢሉኝ እነግርዎት ነበር፣ አለቻት፣ ሽንኩርቱን እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ይሄን መልስ ስንቴ አላመጠችው።

መጀመሪያ እዚህ ክፍል ፀጉር አስተካካዩ ገባ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀለው መስታወት ጀርባው ጠቁሮ ሰው ሁሉ በሽተኛ መሰለበት፣ ደንበኞቼን ፊታቸውን አስጠላሽብኝ ብሎ ወጣ፣ አምፖሉን ነቅሎ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ጨምሮ፣ እሺ እሱስ ሌባ ነው፣ ሌባን መስደብ ይፈቀዳል። አጠገብ ያለው ክፍል ጣራው ወርዷል፣ ለጣራው የሚሆነው ገንዘብ የሥሩን ውሃ ያወጣል ለተባለ ቱቦ ወጣ፣ ቱቦው ምንም አልጠቀመ። ሦስተኛው የዘበኛው ነው፣ በሰላምታ የሚከፍል፣ እንዴት አደሩ እናቴ፣ እንዴት ዋሉ እናቴ፣ በሰላምታ ቢሸመት ሀብታም ነበርኩ። አራተኛው የራሷ፣ እሱም ደረቅ ሆኖ አይደለም፣ ያልሸጠችው የስፌት መኪና ጥግ ላይ ዝጎ ተኝቷል፣ መዘውሩን ብታዞረው ያቃስታል እንጂ አይዞርም፣ የዳነው መቀሱ ብቻ ነው፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ስለምታኖረው። ያ መቀስ ከጨርቅ በቀር ነክቶ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ባሏ ወረቀት ሊቆርጥበት ቢያነሳ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው፣ ወረቀት ስለት ያበላሻል፣ ሰውዬው እስኪሞት ሲስቅባት ኖረ።

ይቺ ክፍል ናት የምታበላት እንግዲህ። ይቺው።

ከፀጉር አስተካካዩ በኋላ ልብስ አጣቢዋ ከልጇ ጋር ገባች፣ የአልጋውን እግር ጡብ ላይ አውጥታ፣ ልጁ ጎበዝ ነበር መጀመሪያ፣ ወፍራም፣ እየሮጠ መጥቶ ጉልበቷን የሚያቅፍ፣ የተነፋውን ቀለም በጣቱ እየወጋ ጷ ሲል የሚፈነድቅ፣ ከዛ ሳል ጀመረው፣ ሲስል በግድግዳው በኩል ይሰማታል፣ ብርድ ነው ያልፋል ትላለች፣ አፍ አይደል፣ ይላል። አላለፈም። እናቲቱ ኪራይ ሳትከፍል ሰነበተች፣ አንድ ቀን ፍራሹን ስታወጣ በሩ ላይ ደረሰችባት፣ ምላሷን ስላ፣ የት ነው ኪራዬን ይዘሽ የምትሄጂው ልትል፣ እናቲቱ ፍራሹን ከነሻጋታው አስደግፋ ዘወር አለችና፣ የእርስዎን ኪራይ የልጄ ደረት ከፍሏል፣ አለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ነበር። አልሳቀም፣ አላቀፈም፣ በዓይኑ ብቻ አያት።

እሷ፣ ባለ ምላሷ፣ ከበሩ ዘወር ብላ አሳለፈቻት።

እጁ ግን ቀርቷል። ይኸው፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከሰል የነካ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎት፣ አምስት ጣት፣ ድቡልቡል ያለች ትንሽ መዳፍ፣ ብዙ ጊዜ ልታጥበው ጨርቅ ይዛ ገብታ ነበር፣ ጨርቁን ይዛ ትወጣለች።

አሁን ደግሞ ይቺ ቲኬት ቆራጯ። ሆዷ ገፍቷል፣ ባሏ ሩቅ ይሠራል አሉ፣ ትናንት መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ ክፍሉ ጨለም ብሏል፣ አልገባችም፣ ገንዘቤ የሚደርሰው እዚህ ብቻ ነው እማማ አለች፣ ከዛ ደግሞ ጎሽ፣ ብልህ ናት፣ ጠየቀች። ዝናብ ሲመጣ ቤቱ እንዴት ነው እማማ?

ልጅቷ ጥጉን አረጠበች። እኔ ያላረጠብኩትን።

ዝናብማ ሲመጣ ይዘንባል የኔ ልጅ፣ አልኳት። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ዘበኛውም ከበሩ ሳቀ፣ ደላላውማ ጭራሽ ተጎነበሰ፣ አክስቴን ማን ይችላታል! እሷም ሳቀች፣ ጥያቄው በሳቅ መሃል ጠፋ፣ እንዲጠፋ ነው የተናገረችው፣ ምላሷ ከልቧ ቀድሞ ያውቃል።

ልንገራት ነገ። ግድግዳው ይሄን ይመስላል ልጄ፣ እግርሽን ወደ መጣሽበት አዙሪ። የት ትሄዳለች፣ ወደ ኋላው ሰፈር ነው፣ ከዚህ ወደ ባሰ፣ ታዲያ ለሌላ ሰው ከምትከፍል ለእኔ ብትከፍል ምን አለበት፣ እይ እይ፣ እንዲህ ነው እሱም ያሰበው፣ ልክ እንዲህ፣ አክስቴ በሌላ ደላላ ከምትገዛ በእኔ ብትገዛ፣ ቃሉ ሳይቀር አፌ ውስጥ ገባ። እንግዲያው አላከራይም፣ ባዶ ይቀመጥ፣ እኔም ባዶ ሆዴን። መሶቡ ላይ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ወይም ይሸጥ፣ እሱን ጠየቀችው፣ ዛሬ፣ ቀለሙን ሲያስቀምጥ፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ ሽጥልኝ አለችው፣ ምንም አልደነገጠ፣ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል አክስቴ፣ ሰው አለኝ፣ አንዲት ሴትዮ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁጭ ብላ መብላት የምትፈልግ።

እንዲህ ብሎ አይቷታል። ዓይኗን አይቶ ነው ያለው። ለዛችም ከወገብ በታች ይቀባላታል።

በየትም ብትዞር አንድ ሰው አለ በሩ ላይ። ያቺ መበለት፣ ወይ ይቺ ልጅ ከነሆዷ፣ ወይ እኔ። አንዷ መግባት አለባት እዚህ እርጥበት ውስጥ፣ እሷ ደግሞ ገብታበታለች፣ ደክሟታል፣ ጉልበቷ፣ አጥንቷ፣ ውሃው ከወለሉ ወደ እሷም የሚወጣ መሰላት፣ በእግሯ በኩል፣ ቀስ እያለ። ከማዶ አትክልት ሻጯ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ብትጠራት። ሰላም ብትላት። አንድ ቃል ነው፣ ሰላም ዋልሽ ወይ፣ ከዛ ይሄን ሁሉ አውጥታ ብትነግራት፣ እሷ ለልጅቷ ትነግርልኝ ነበር፣ እኔ ሳልሆን፣ በማዶ በኩል ወሬው ይደርሳት ነበር። አፏን ትከፍታለች። ሴትዮዋ ቀና ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ ሽንኩርት በእጇ።

አንገቷን ትሰብቃለች። በሩን ትዘጋለች።

በማግስቱ ጠዋት መቀሷን ከትራሷ ሥር አወጣች፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን በጫፉ ፈልቅቃ ከፈተች፣ መጀመሪያም የልጁን እጅ ቀባችው።