የጎደለው አሥረኛ

ላሊበላ ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚያስጎበኝ ሞልቷል፤ ድንጋይን እንደ እኔ የሚያናግር ግን የለም። ይህን የምለው እኔ ኢያቄም ነኝ፤ ትሕትናውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ያን እሑድ ይዣቸው የወጣሁት አዛውንት አልቤር ይባላሉ፤ ፈረንሳዊ አይሁዳዊ ናቸው። ከገነተ ማርያም ወዲያ ወዳለችው፣ ዲቁና ወደተቀበልኩባት ትንሽ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስለ ከተማቸው አሮጌ ምኩራብ አጫወቱኝ። ጥንት ከቤተ ክርስቲያን በልጦ እንዳይታይ ስለተከለከለ ከውጭ ሲያዩት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ደረጃውን ወጥተው በሩን ሲከፍቱ ግን ጣሪያው ሰማያዊ፣ የእንጨቱ ቅርጽ በወርቅ የተለበጠ፣ ኦሪት የሚነበብበት ሰገነት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ምድር ቤቱ ደግሞ የፋሲካ ቂጣ መጋገሪያ አለው።

"እኛም ቤተልሔም አለን፤ ኅብስቱ የሚጋገርበት" አልኳቸው። መበለጥ አልወድም።

"ምኩራቡ ዛሬ ይጎበኛል እንጂ አይጸለይበትም" አሉ። "በእኛ ሥርዓት ለማኅበር ጸሎት አሥር ወንድ ያስፈልጋል። እኛ ዘጠኝ ቀርተናል።"

ስንደርስ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ ቅዳሴው ግን አልተጀመረም። ሁለት ቄስና ሁለት ዲያቆን አሉ፤ ሦስተኛው ዲያቆን ሙጃ ከተማ ሄዶ መኪና አጥቶ ቀርቷል። አምስት ካልሞሉ ደግሞ አይቀደስም። ደብሪቱ የዛሬዋን ክርስትና ተነሺ፣ ሴት ልጇን፣ ታቅፋ የቄሶቹን ዐይን ዐይን ታያለች። ካልተቀደሰ ልጅቷ አትቆርብም።

ቄስ ደግሰው አዩኝ።

"ኢያቄም፣ እህል ቀምሰሃል?"

"አልቀመስኩም፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ድምፅህንማ ፈረንጁ ሁሉ ሲሰማው ይውላል፤ ዛሬ እግዜርም ይስማው እንጂ!"

ያስቆመኝማ እንጀራዬ ነው። እንግዳ ሜዳ ላይ ጥሎ የገባ አስጎብኚ ስሙ ቶሎ ይጠፋል። ነገሩን ለአልቤር ስነግራቸው ግን "አምስተኛው አንተ ነህ?" ብለው በሁለት እጃቸው ወደ በሩ ገፉኝ።

እግሬን ታጥቤ፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ ገባሁ። ድምፄ መቼም አይታማም፤ አለቱን ሞላሁት። ልጅቷ ስትቆርብ ደብሪቱ እልል አለች፤ እኔም እንባዬ መጣ።

ስወጣ አልቤር ጫማቸውን እንዳወለቁ ግቢው ውስጥ ቆመው ስልክ ያወራሉ። ፓሪስ ከሚኖረው ልጃቸው ጋር ነበር።

"ቅዳሜ ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ!" ይላሉ፣ እየተቆጡም እያለቀሱም። "እዚህ አስጎብኚዬ እኔን ጥሎኝ ገብቷል። አንተም ሥራህን ጥለህ ለጸሎቱ ና!"

የልጁን መልስ አልሰማሁም። አልቤር ግን ስልኩን ሲዘጉ "አሥር ሞላን!" ብለው ጮኹ፤ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።