በሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተተከለው ድንኳን

እናቷ ቦት ጫማዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሉ ወዲህ ልጅቷ ጠዋት ትለምናለች፣ ማታ ታኮርፋለች። በድንጋይ ጥናት ተመርቃ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ውርጭ የማይለየው ተራራ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ የሚታደርበት ነው። ቡድኑ ሰኞ ይነሳል። እሷ ብትቀር ቦታዋን የሚፈልግ ሞልቷል።

"ብርድ ገድሎሽ ለሰው ምን ልበል?" ይላሉ እናቷ።

"እማዬ፣ ብርድ የሚችል ዕቃ አለ።"

"እንግዲያው እኔ ልየው።"

ሱቅ ሲገቡ እናቷ በቀጥታ ወደ ትልቁ ድንኳን ሄዱ። መሀሉ ቆመው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ፤ ምንም አልነካቸውም። "ድንኳን ማለት ይሄ ነው። እንግዳ ቢመጣብሽስ?"

"ተራራ ላይ ማን ይመጣብኛል? ደግሞ ይሄን አዳራሽ የሚያሞቅ ትንፋሽ የለኝም።" ልጅቷ ትንሹን መረጠች፤ ዝቅ ያለ፣ ነፋስ የማይገለብጠው፣ የትንፋሽ እርጥበት የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው።

እናቷ ጎንበስ ብለው አዩትና "የዶሮ ቤት" አሉ።

የመኝታ ከረጢቱ መለያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ሻጩ ዝቅተኛውን እየጠቆመ "እስከዚህ ብርድ ድረስ ይችላል" አለ።

"እሱ ሳይሞቱ የሚነጋበት ነው" አለች ልጅቷ። "እንቅልፍ የሚወስደው በላይኛው ነው።"

እናቷ "ሳይሞቱ" የምትለዋን ሰምተው ወደ በሩ ዞሩ። ልጅቷ በላባ የታጨቀውን፣ ወፍራሙን ከረጢት ታቅፋ ከኋላቸው ባትሮጥ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

"በወሬ አላምንም" አሉ እናቷ። "ራሴ እተኛበታለሁ። ካልበረደኝ ቁልፉን ትወስጃለሽ። ከበረደኝ ግን ሁለተኛ ተራራ እንዳትይኝ።"

ድንኳኑንና ከረጢቱን ገዝተው ሲወጡ ግን ውጭው የሚያነድ ፀሐይ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ደህና ብርድ ያለው አጎቷ ሥጋ ቤት ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ።

"እትዬ፣ እዚህ የሚተኛው የታረደ ብቻ ነው" አለ አጎቷ።

"አንተ ዝም ብለህ ጥግ ልቀቅልን።"

ድንኳኑ በተንጠለጠሉ የበሬ ብልቶች መሀል ተተከለ። እናቷ ሻሻቸውን አጥብቀው ገቡ። የከረጢቱ ዚፕ እስከ አገጫቸው ተዘጋ። አጎትና ልጅ ካፖርት ደርበው፣ እንፋሎት እየተነፈሱ የድንኳኑ ደጅ ላይ ቆሙ።

"ደረቴ ሞቋል" አሉ እናቷ ከውስጥ። ትንሽ ቆይተው "ጀርባዬ ግን ሲሚንቶ ሆኗል" አሉ።

ልጅቷ ግንባሯን መታች። ስለ ድንኳንና ስለ ከረጢት ስትከራከር ከሥር የሚነጠፈውን ረስታለች። ትልቁ ብርድ ከመሬት እንደሚመጣ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ጥያቄው ፈተና ላይ መጥቶላት በትክክል መልሳዋለች።

"በቃ፣ ልውጣ። አልኩሽ አይደል?"

ደግነቱ ዚፑ ሻሻቸውን ነክሶ ቆመ።

"እማዬ፣ አትጎትቺው፣ ይቀደዳል። አጎቴ፣ የሚነጠፍ ነገር የለህም?"

የማቀዝቀዣው ግድግዳ ሲታደስ የተረፈ ወፍራም ስፖንጅ ከጓዳ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ተነጠፈ። እናቷን አጎቷ በትከሻ፣ ልጅቷ በእግር ይዘው ወደ ላዩ አንከባለሏቸው።

"ጥጃ አደረጋችሁኝ እንዴ?" አሉ እናቷ። ከዚያ ዝም አሉ።

"እማዬ? በረደሽ?"

አጎቷ ክው አለ። ጆሮውን ወደ ድንኳኑ አስጠግቶ ሲያዳምጥ ማንኮራፋት ሰማ። ስንት ዓመት እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሴት ጭልጥ ብለው ተኝተዋል።

ሥጋ ሊመርጥ የገባ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ የሚያንኮራፋውን ድንኳን ትኩር ብሎ አየ። "ይሄኛው በደንብ አልሞተም እንዴ?"

"እህቴ ናት። አትሸጥም" አለ አጎቷ።

እናቷ ሲነቁ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር። "ማን ቀሰቀሰኝ?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት። ልጅቷ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብላ ከረጢቱን መጠቅለል ጀመረች። ሌላኛው ጫፍ እናቷ እጅ ውስጥ ነበር፤ አልለቀቁትም።

"የት ልትወስጂው ነው?"

"ተራራ ነዋ።"

"እኔ የሰጠሁሽ ቁልፍ ነው።"

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሻጩ ገና ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። "ምነው፣ አልሞቀም?"

"ሞቀ እንጂ" አለች። "ሌላ ስጠኝ። ምንጣፍም ጨምርበት።"