የተሰቀሉት መለከቶች ጠባቂ

ዐርዋ ጠብ አትወድም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። ስለሺ ጠብ ይወዳል፤ ማታ የያዘውን አቋም ግን ጠዋት ይጥለዋል። እርሷ ሆሞሻ ተወልዳ አሶሳ የተማረች የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ እርሱ አያቶቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩበት መንደር የወጣ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እርሷ ከመናገሯ በፊት ደጋግማ ታስባለች፤ እርሱ ተናግሮ ሲያበቃ ማሰብ ይጀምራል። ሁለቱን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው «ዘጠነኛው ሰማይ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ነው።

በጨዋታው ዓለም ሰማዩ የሚዞረው በዘጠኝ ታላላቅ መለከቶች ድምፅ ነው። መለከቶቹ ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዝም ያሰኛቸው ኦርዛት የተባለ፣ ከዓይኑ በቀር ፊቱ የማይታይ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ኃይል ነው፤ ክፉን ጥቁር ካባ ማልበስ መቼም በየአገሩ የተለመደ ነው። ተጫዋቹ መለከቶቹን እየፈለገ ይነፋል፤ ሰማዩንም ያድናል። ታሪኩ ብዙ ነገር ሳይገልጥ ስለሚያልፍ፣ አድናቂዎቹ ኦርዛት ማን ነው፣ ምንስ ይፈልጋል እያሉ በየፊናቸው መላ ምት ይሰነዝራሉ።

«ርቦት ነው» አለ ስለሺ፣ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ እየበየደ። «ከሰማያት በፊት የነበረ ረኃብ ነው። ድምፅ ይበላል። አንድ መለከት በዋጠ ቁጥር ዓይኑ እንዴት እንደሚቀላ አላየሽም?»

«የዋጠውን ለምን በጨርቅ ይጠቀልለዋል?»

«እ?»

«አንዱም መለከት አልተሰበረም። ሁሉም ተጠቅልለው፣ አፋቸው ወደ ታች ሆኖ ተሰቅለዋል። አንተ ልትበላ ያሰብከውን ሥጋ ትሰቅለዋለህ?»

«ቋንጣ ከሆነ እሰቅለዋለሁ።»

ዐርዋ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ከኦርዛት ግንብ ጀርባ በትልም የተከፋፈለ ሰፊ መሬት አለ፤ በትልሙ ውስጥ ደቃቅ ብርሃኖች ይበቅላሉ። ተጫዋቹ ሦስተኛውን መለከት ሲነፋ ብርሃኖቹ ቀና ይሉና በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። አድናቂዎች ሁሉ ይህን «የኦርዛት በቀል» ይሉታል። ዐርዋም እንደዚያው ትል ነበር፤ ባለፈው ዓመት በዘር ወቅት አያቷ ዋዛዎቹን ጠቅልለው ሲሰቅሉ እስካየች ድረስ።

ዋዛ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። አዝመራ ሲሰበሰብ ይነፋል። በአያቷ ቤት ደንብ ግን ዘር መሬት ከገባበት ቀን ጀምሮ ዋዛዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጣሪያ ሥር ይሰቀላሉ፤ ማሽላው እስኪደርስ ድረስ ማንም አፉን አያስጠጋባቸውም።

«ኦርዛት ጠላት አይደለም» ትላለች ዐርዋ። «ጠባቂ ነው። እነዚያ ብርሃኖች የተዘሩ አዳዲስ ከዋክብት ናቸው። መለከቶቹ ዝም ያሉት አዝመራው እስኪደርስ ነው። እኛ ጀግኖች ነን እያልን ያለ ጊዜው እየነፋን የምናጠፋቸው እኛው ነን።»

ይህን በአድናቂዎች መድረክ ላይ ከጻፈች ወዲህ «የሰይጣን ጠበቃ» የሚል ቅጽል ተለጥፎባታል። አንዱማ «ኦርዛት አጎቷ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መድረኩን በሳቅ አናግቶታል። ዐርዋ ስድቡን ታገሠችው። ያልታገሠችው በሐምሌ የወጣውን ማስታወቂያ ነው፦ በሚቀጥለው ክፍል ኦርዛት ይሞታል። ከዚያ በፊት አድናቂዎች መላ ምታቸውን በቪዲዮ እንዲልኩ ተፈቅዷል፤ የተመረጡትን ሦስቱን የታሪኩ ጸሐፊዎች ራሳቸው ያዩአቸዋል። የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነው።

«ከሞተ በኋላ ማንም ማን ነበር ብሎ አይጠይቅም» አለች። «ከመግደላቸው በፊት ሊሰሙኝ ይገባል።»

ስለሺ መበየጃውን አስቀመጠ። «እኔ እንኳ ተሳስተሻል ባይ ነኝ። ከተሳሳትሽ ግን በጥሩ ድምፅ ተሳሳቺ። የዓለም ሕዝብ በኮምፒውተር ጥሩምባ ሲያደነቁራቸው፣ አንቺ በእውነተኛ ዋዛ ጀምሪላቸው። ማንም አይቀድምሽም።»

ዓርብ ጠዋት ወደ ሆሞሻ ሄዱ። አያቷ ሼኽ ዐብዱልቃድር በቀርከሃ በተሠራው ቤታቸው ደጅ ተቀብለዋቸው ካርካዴ አስቀዱላቸው፤ የልጅቱንም ልመና እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«ጂዲ፣ አያቴ፣ አንዲት ድምፅ ብቻ» አለች ዐርዋ።

ሽማግሌው ለእንግዳው ሲሉ በአማርኛ መለሱ፤ በእርሳቸው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። «ዐርዋ፣ አንተ መንገድ ላይ ማሽላ አየህ?»

«አየሁ።»

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ኻላስ፣ በቃ። ሲደርስ ይነፋል። ሲደርስም አንተ ሴት ነው። ሴት ይዘፍናል፣ ወንድ ይነፋል።»

«አባባ፣» አለ ስለሺ፣ «እንዲያው ማሽላው ጆሮ አለው ወይ?»

ሼኽ ዐብዱልቃድር አልተቆጡም። «ማሽላ አይሰማም። ሰው ይሰማል። ሰው ዋዛ ከሰማ፣ ሥራ አለቀ ይላል። መኮትኮቻ ይጥላል፣ ይጨፍራል። አረም ግን አይጨፍርም።» ይህን ብለው ጥላቸውን አንሥተው ወደ ጁምዓ ሶላት ሄዱ።

የዐርዋ እናት ዐፊፋ በማዶው ጎጆ ገንፎ ታገነፋ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ስለሺ ወደ ተሰቀሉት ዋዛዎች ቀና ብሎ ተመለከተ፣ ቀጥሎም ወደ ዐርዋ።

«በዚህ ዝናብ ማን ይሰማል?»

ዐርዋ በርጩማ ላይ ወጥታ ትንሿን ዋዛ አወረደች፤ ጨርቁን ፈታች። ስለሺ ስልኩን ደቅኖ ቆመ። ልጅቱ ትንፋሽዋን ሰብስባ አፏን ወደ ቅሉ አስጠጋች። በዚህ ጊዜ ዝናቡ ጋብ አለ። በተከፈተው በር በኩል ጎረቤታቸው ኢንዓም ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ በጭቃው መካከል ጎንበስ ብላ ስታርም ታየች። ከፊቷ ገና ብዙ ያልታረመ ትልም ነበረ።

ዐርዋ ዋዛውን ከአፏ አራቀች።

«ንፊው እንጂ አንቺ! ሽማግሌው ሊመለሱ ነው!»

«ስለሺ፣ በጨዋታው ሦስተኛውን መለከት ስናወርድ፣ አጠገባችን የሚቆመው ጓደኛ ምን ይላል?»

ስለሺ ወዲያው ሊመልስ አፉን ከፈተና ቆመ። «‹ፍጠን፣ ጠባቂው ሳይመለስ› ነው የሚለው።» ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ። «እኔ ነኛ ያ ሰውዬ?»

«አንተ ነህ።»

«ወይ ጉዴ! ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ኦርዛት የአንቺ አያት ሆነው ቁጭ አሉ!»

ዐርዋ ዋዛውን ጠቅልላ መልሳ ሰቀለችው።

«ቪዲዮውስ?» አለ ስለሺ። «ከማክሰኞ በኋላ አይቀበሉም። ያለ ድምፅ ደግሞ ማን ያይልሻል?»

«ካሜራውን ወደ ላይ አዙረው። እንደ ተሰቀሉ ቅረጻቸው። ዝናቡም ይግባ።»

ስለሺ ሊከራከር ቃጣው፤ ፊቷን አየና ስልኩን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ቀረጸ።

ከሶላት መልስ ቤተሰቡ የባሚያ ወጥ በፈሰሰበት ገንፎ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሼኽ ዐብዱልቃድር እጃቸውን ታጥበው ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸው ወደ ጣሪያው ሄደና እዚያው ቀረ። ቋጠሮው የእርሳቸው አልነበረም።

«ይሄን ማን ነካ?»

ዐፊፋ ማንኪያውን ጣለች። ስለሺ ገንፎውን አጥብቆ ይመለከት ጀመር። ዐርዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ጓደኛዋም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረች።

«እኔ ነኝ፣ ጂዲ። አወረድኳት እንጂ አልነፋኋትም።»

«ያ ቢንቲ! ልጄ!» አለች እናቷ፣ እርሷም እንደ ሽማግሌው ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛ። «አያትህ እንቢ ካለ በኋላ?»

«አዎን፣ እንቢ ካሉ በኋላ። ከዚህ በኋላ የማደርገውን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቪዲዮውን ማክሰኞ እልካለሁ። በውስጡ የዋዛ ድምፅ አይኖርም። የተሰቀሉት ዋዛዎች፣ ዝናቡና የእኔ ቃል ብቻ ይኖራሉ። ድምፁን መስማት የሚፈልጉ ከሆነ ማሽላው እስኪደርስ ይጠብቁ እላቸዋለሁ፤ ኦርዛትንም እስከዚያ አይግደሉት። ካልመረጡኝ አልመረጡኝም፤ ሐሳቤን ለማስጌጥ ብዬ ሐሳቤን አላፈርስም።»

ሽማግሌው አሁንም ቋጠሮውን ይመለከታሉ። «ማሽላ ሲደርስስ?»

«ሲደርስ እመጣለሁ። ከዘፋኞቹ ጋር ግን አልቆምም። ትንሿን ዋዛ የምነፋው እኔ ነኝ፤ ተራዬን እስክለምድም ድረስ ወደ አሶሳ አልመለስም።»