በጆንያ የደፈንኩት ቀዳዳ

ታናሽ ወንድሜ የመጋዘኑ መካኒክ ነው፤ እኔ እዚያው ጽዳት ነኝ። ዕቃ ማንሻ መኪኖቹን ከናፍጣ አላቅቆ በሃይድሮጅን ያስነሳቸው እሱ ነው። ጋዙን ጣሪያ ላይ ባለው ሶላር ከውኃ ያወጣዋል። «ከውኃ እሳት? ሂድ ወዲያ!» ብዬ ስቄበት ነበር። ጭሱ ሲቀር፣ መስኮት መወልወሉ ሲቀለኝ ግን አፌን ያዝኩ።

አንድ ቀን ጋዝ ሲጠራቀም የሚጮኸው የጋዙ ክፍል የአደጋ ደወል ጮኸ። ግር ብለን ወጣን። ማንም አልተጎዳም፤ ኃላፊው ግን ወንድሜን «ይኼ ነገር ይፈጀናል። በስድስት ቀን ምክንያቱን ካላገኘህ ወደ ናፍጣ እንመለሳለን፤ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ» አለው።

ወንድሜ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባ ቧንቧውን ሁሉ ፈተሸ። የሚያስተነፍስ አንድም ቦታ አጣ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ስወስድለት መሬት ላይ ተዘርፍጦ አገኘሁት።

«እትዬ፣ መኪና ሲሞላ ትንሽ ጋዝ ማምለጡ ያለ ነው። ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ወጥቶ በጣሪያው ቀዳዳ ይሄዳል። ታዲያ ምን አጠራቀመው?»

ሳህኑን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ያንን ቀዳዳ የደፈንኩት እኔ ነኝ። እርግቦች ቀዳዳው ላይ ባለው ወንፊት ቅዳድ እየገቡ የወለወልኩትን ወለል በኩስ ሲያበላሹብኝ፣ መሰላል አቁሜ ከወንፊቱ ጀርባ ጆንያ ጠቀጠቅሁበት። ከሥር ለሚያይ ወንፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ማንንም አልጠየቅሁም፤ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

«እንጃ» አልኩት።

ዓይኑ ቀልቶ «የኔው እጅ ነው የተሳሳተው» እያለ ራሱን ሲረግም እየሰማሁ፣ በማግስቱም «እንጃ» አልኩት። ጆንያውን በድብቅ ላወጣው አሰብኩ፤ ያኔ ግን ጥፋቱ እሱ ላይ እንደተለጠፈ ሊቀር ነው።

በስድስተኛው ቀን ኃላፊው ቢሮ ሲጠራው ተከትዬው ገባሁ።

«ቀዳዳውን በጆንያ የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ኃላፊው አፍጥጦ አየኝ። «ጆንያ ለሚያሸንፈው ነገር ነው ይህን ያህል የደከምነው?»

«ጌታዬ፣ የናፍጣውንስ ጭስ መውጫ ብደፍነው ታፍነን እናልቅ አልነበር? ጥፋቱ የጋዙ አይደለም፤ የኔ ነው። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።»

ኃላፊው ወደ ወንድሜ ዞረ። «ክፈተውና እስከ ወሩ መጨረሻ በደንብ መሥራቱን አሳየኝ። እሷ ግን እዚያ ክፍል ድርሽ እንዳትል!»

እንደወጣን ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ምሳ ካመጣሁልህ ቀን።»

«ሦስት ቀን ሙሉ» አለና ጥሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ እኮ መልስ አላጣም ነበር።