መዓሊም አዋሌ ኦስሎ የሚውሉባት ቀን

መዓሊም አዋሌ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ የኖርዌይን ዋና ከተማ ስም ከእርሳቸው አፍ ያልሰማ ጎልማሳ ማግኘት ይቸግራል። እርሳቸው ራሳቸው ግን ካደጉባት ከድሬዳዋ በቀር የሌላ አገር ከተማ ረግጠው አያውቁም ነበር።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ቪዛ ወጣላቸው። ልጃቸው ላዳን ኦስሎ ውስጥ ነርስ ናት። ትኬቱን የቆረጠችላቸው ሰብሪያ ነበረች፤ ከከሚሴ መጥታ በሰፈሩ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት። የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። የቢሮው ባለቤት ካውሰር፣ ጣቶቿ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚፈጥኑ ባየች ጊዜ ወንበሩን ለቀቀችላት። ከዚያ ወዲህ ሰውን ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ ስትሸኝ አራት ዓመት ሆናት።

መዓሊም ትኬታቸውን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ አልተነሡም።

«ትኬቱንስ ቆረጥሽልኝ» አሉ፣ በዚያ ለስላሳ የድሬዳዋ አማርኛቸው። «ቀኑን ማን ይቁረጥልኝ?»

«ቀን ደግሞ ይቆረጣል እንዴ መዓሊም?»

«ጠዋት ነው የምደርሰው። ላዳን እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት፤ ፈቃድ ከለከሏት። አየር ማረፊያ ተቀምጠህ ጠብቀኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ያንን ከተማ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬ በሩ ላይ አልቀመጥም። ግን እዚያ ሻይ እንኳ እሳት ነው አሉ። እግርና ዓይን የማይከፍሉበት ቦታ ፈልጊልኝ።»

ሰብሪያ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቢሮው ጭር ሲል መዓሊም ወንበራቸውን ከጎኗ ይስባሉ፣ እርሷም ኦስሎን ትከፍታለች። ከአየር ማረፊያው ፈጣኑ ባቡር ሳይሆን ተራው ባቡር በግማሽ ዋጋ ያደርሳል። ከጣቢያው ትንሽ እልፍ ሲሉ ባሕሩ ዳር ኦፔራ የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው ነጭ ድንጋይ ነው፣ ተዳፋት ሆኖ ዝቅ እያለ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ የፈለገ ሰው በነጻ ይወጣበታል።

«ጣሪያ ላይ? ዘበኛ የለውም?»

«የለውም። ይኸው፣ ሰዎቹ ተጋድመዋል።»

መዓሊም መነጽራቸውን ወልውለው ደጋግመው አዩ። የትራሙ ትኬት ለጀልባም እንደሚሠራ አገኘች። ከሁለት መቶ በላይ ሐውልት ያለበት፣ በሩ የማይዘጋ የአትክልት ስፍራ አገኘች። የሰኔውን የመግሪብ፣ የፀሐይ መጥለቂያውን ሰዓት ስታይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ መሰላት፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይላል።

ማሽኑ መንገዱን በፎቶግራፍ ያሳያል። ቀስቱን አንድ ጊዜ በተጫነች ቁጥር ቤቶቹ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። በአንድ ጥግ ላይ ቀይ ጃንጥላ የያዘች፣ ፊቷ የደበዘዘ ሴት ቆማለች። ሰብሪያ በዚያ ባለፈች ቁጥር በልቧ «አሰላሙ አለይኩም» ትላታለች። ሼክ ኑር ሰፈር፣ ከጓደኛዋ ከመሪማ ጋር በተከራየችው ክፍል ጋደም ስትልም ያ ጎዳና አይለቃትም። ነጩ ድንጋይ ከእግሯ በታች ለብ ብሎ ይሰማታል። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ሳታውቅ፣ የማይጨልም ሰማይ ሥር ትራመዳለች፤ ማንም የት ነሽ ብሎ አይጠራትም።

አንድ ቀን ላዳን ደውላ፣ የአባቷ ሕመምተኛ ጉልበት ያንን ሁሉ መንገድ አይችልም ብላ ተቆጣች። መዓሊም ስልኩን ዘግተው፣ «እንፈትነው» አሉ። ያቀዱትን መንገድ ርዝመት ያህል በሀርጌሳ ሊሄዱ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከቢሮው በር ተነሡ። ሰብሪያ ርቀቱን በስልኳ ትለካለች። አንድ ፋርማሲ ፊት ሲደርሱ፣ «አሁን የኦስሎው ቤተ መንግሥት ጋ ነን» አለች። መዓሊም ባርኔጣቸውን አንስተው ለፋርማሲው እጅ ነሡ፤ ባለቤቱም ነገሩ ሳይገባው አጸፋውን መለሰ። ባጃጆች ጥሩንባቸውን እየነፉ አለፏቸው። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ወንዙ ቡና መስሎ ይወርዳል።

«ያውልሽ ባሕሩ» አሉ መዓሊም። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። «ያንን ዛፍ ታዪዋለሽ? ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል ያስተማርኩት እሱ ሥር ነው። ወንበሩ ጡብ ነበር። ካርታ አልነበረኝም፤ አፍሪካን በዱላ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። አንዲት ፍየል መጥታ ማዳጋስካርን ረገጠችው።»

ሰብሪያ ሳቀች። ዛፉን ግን እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ከሼክ ኑር ኮድቡር፣ ከኮድቡር ሼክ ኑር በሚኒባስ ተመላልሳለች እንጂ ያንን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ አታውቅም።

ገበያው አጠገብ ሲደርሱ መዓሊም ቆሙ። የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ባለ ሱቋ ውሃ ሰጠቻቸው።

«ስንት ቀረን?»

ሰብሪያ መዋሸት ፈልጋ ነበር። «ግማሹ» አለች።

ውሃውን ጨርሰው ጠጡ። «መሽቶብኛል ልጄ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ያንን ከተማ በሩጫ አዳርሰው ነበር።»

እርሷም ደረጃው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። ስልኳን አወጣችና ከዕቅዱ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሰረዘች። የባሕር ዳሩን የድሮ ምሽግም ሰረዘች።

«የአትክልት ቦታውንስ?» አሉ፣ እንደ ልጅ።

«እሱን ከላዳን ጋር ያዩታል። ለእርሷም ትንሽ ይተዉላት እንጂ። በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ ጀልባ፣ በቃ። ከቤት በያዙት ሳምቡሳና ቴምር ምሳ ይበላሉ። ከተማ በአንድ ቀን አያልቅም መዓሊም።»

መዓሊም በሰኔ አጋማሽ ሄዱ። ዕቅዱን በትልልቅ ፊደል አትማ ሰጥታቸው ነበር። በማግስቱ ሰብሪያ ቢሮ ተቀምጣ አብራቸው ዋለች፦ አሁን ባቡር ላይ ናቸው፣ አሁን ከጣቢያው ወጡ። የጅዳ ትኬት ዋጋ የጠየቃት ሰው ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ መጀመሪያ የሰማችው ነፋስ ብቻ ነበር።

«ሰብሪያ! ጣሪያው ላይ ነኝ!»

«አልሐምዱሊላህ! ከጀልባው ተመልሰው ነው?»

«የምን ጀልባ? ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ድንጋዩ ፀሐይ መትቶት ሞቆ ነበር፤ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንዲት ሴትዮ ጃኬቷን ደርባልኝ ሄዳለች። አሁን ምን አድርጌ እመልስላት?»

«ይለብሱታላ!»

«ለብሼዋለሁ። ጀልባውን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ ይሄዳል ይመጣል። ባሕሩ፣ ልጄ፣ ካርታ ላይ ከምንቀባው ሰማያዊ ጋር አይገናኝም። አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ደመና ሲመጣ ግራጫ፣ ከዚያ ስም የለውም። እነዚያን ሁሉ ተማሪዎች ዋሽቻቸዋለሁ ማለት ነው።» ሳቃቸው ከነፋሱ ጋር ተቀላቀለ። «አንቺስ ዛሬ የት ዋልሽ?»

«እዚሁ» አለች ሰብሪያ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትንሽ ሆነባት።

በሚቀጥለው ዓርብ መሪማን በጠዋት ቀሰቀሰቻት። ዳቦና ውሃ ይዘው በሚኒባስ እስከ ከተማው ጠርዝ ሄዱ፤ ከዚያ በእግራቸው ወደ ናሳ ሀብሉድ፣ ከየትኛውም ሰፈር ወደሚታዩት መንትያ ተራሮች። መሪማ መንገዱን ሁሉ አጉረመረመች፤ ያላት አንድ የዕረፍት ቀን ነው፣ እሱንም ድንጋይ ልትቆጥርበት። ከአንደኛው ተራራ ወገብ ሲደርሱ ነፋሱ ሻርፓቸውን ነጠቃቸው። ሁለቱም ዞሩ። ከተማዋ በሞላ ከሥራቸው ነጭና ሰማያዊ ሆና ተዘርግታለች፤ ድምፅ የላትም፣ በጭጋጉ ውስጥ የምትንሳፈፍ ትመስላለች።

መሪማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች።

«ወደ ላይ መንገድ አለው?» አለች።

«አላውቅም» አለች ሰብሪያ።

መሪማ ፊት ፊት መውጣት ጀመረች።